ከጰ እስከ ቨ፦ በፊደል ገበታ ግርጌ ያሉ ቃላት

የግእዝ ፊደል ገበታ በሀ ይጀምራል፤ በፐ ያበቃል። አንድን ጉዳይ አብጠርጥሮ ያወቀ ሰው «ከሀ እስከ ፐ ያውቀዋል» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ፊደላቱ 26 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከግእዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ስለሚረቡ ገበታው 182 ቅርጾች አሉት። በግርጌው አምስት ፊደላት ተሰልፈዋል፦ ጰ፣ ጸ፣ ፀ፣ ፈ እና ፐ። የግእዝ ሊቃውንት በቅደም ተከተል ጰይት፣ ጸደይ፣ ፀጳ፣ አፍና ፕሳ ይሏቸዋል። በቅርብ ዘመን ደግሞ ቨ ከሥራቸው ታክሏል።

በእነዚህ ስድስት ፊደላት የሚጀምሩ ቃላት አንድ ላይ ሲታዩ አማርኛ ከማን ጋር እንደ ተገናኘና ከእያንዳንዱ ምን እንደ ወሰደ ይናገራሉ። ምሳሌ ለመፈለግም ሩቅ መሄድ አያሻም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከፈረስ ቤት እስከ ሰከላ ባለው የምዕራብ ጎጃም አገር በከተማ ስም፣ በበዓል፣ በጓዳ ዕቃና በገበሬው አንደበት ይገኛሉ።

ዘግይቶ የመጣ ፊደል

እንግዳ ድምፅ ሲመጣ አዲሱን ፊደል በገበታው መጨረሻ ማስቀመጥ የግእዝ ብቻ ልማድ አይደለም። በግሪክ ፊደል የ«ዘ» ድምፅ ያለው ዜታ ስድስተኛ ነበር። ሮማውያን ለራሳቸው ቋንቋ ስላላስፈለጋቸው ከሰልፉ አወጡት። ግሪክን ከገዙ በኋላ ግን የግሪክ ቃላት ወደ ላቲን በብዛት ስለ ገቡ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት ሁለት ፊደላትን ከግሪክ መልሰው ወሰዱ። ገበታው ቀድሞ ስለ ተሞላ ቦታቸው ከሁሉም በታች ሆነ። እንግሊዝኛ «ዋይ» እና «ዜድ» ብሎ የሚጠራቸው መጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት እነዚህ ናቸው።

በዚህም የተነሳ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግርጌ በእንግዳ ቃላት የተሞላ ነው። ዜሮ መነሻው ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም ባዶ ነው። ያክት የሚባለው የመዝናኛ ጀልባ ስሙ ከደች ቋንቋ የመጣ ነው። ዛይሎፎን የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ «እንጨት» እና «ድምፅ» ከሚሉት። በአንዳንድ መዝገበ ቃላት የመጨረሻውን መስመር የያዘችው ዚዚቫ የምትባል በአሜሪካ ቆላማ አገሮች የምትገኝ ነቀዝ መሰል ነፍሳት ናት።

የግእዝም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ፊደሉ የተገኘበት የደቡብ ዐረብ ጽሕፈት የጰም ሆነ የፐ ምልክት አልነበረውም። በጥንታዊው የሴም ቋንቋ የነበረው የፐ ድምፅ በግእዝ ወደ ፈ ተለውጧል። ዕብራይስጥ «ፔ» ያለውን ግእዝ «አፍ»፣ ዕብራይስጥ «ፕሪ» ያለውን ግእዝ «ፍሬ» የሚለው ለዚህ ነው። በአክሱም ዘመን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ድረስ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክ ሲተረጎሙ ግን በፈ ብቻ ሊጻፉ የማይችሉ ስሞች መጡ። ጰና ፐ የተጨመሩት እነዚህን ለመጻፍ ነው።

ጰ፦ ከመጻሕፍት ጋር የገባ

ጰ ከንፈር ገጥሞ በድንገት ሲለቀቅ የሚፈነዳ ድምፅ ነው። ጠ ለተ፣ ቀ ለከ እንደሆኑት ሁሉ ጰም ለፐ ነው። በዚህ ፊደል የሚጀምሩት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ሁሉም ለማለት ይቻላል ከግሪክ የመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹም በቤተ ክርስቲያን በኩል ገብተዋል።

ጴጥሮስ «ዐለት» ማለት ነው። ጰራቅሊጦስ «አጽናኝ» ማለት ሲሆን ከፋሲካ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ይከበራል፤ ሌላው ስሙ ጰንጠቆስጤም «ሃምሳኛ» እንደ ማለት ነው። በማግሥቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ ገበሬው በእርሻ በሚዋከብበት ወራት ውሎ ሐምሌ 5 ቀን በጴጥሮስና በጳውሎስ በዓል ይፈታል። ጾሙ ከጰራቅሊጦስ ተነሥቶ እስከ ጴጥሮስና ጳውሎስ ስለሚዘልቅ ከጰ እስከ ጰ የሚጾም ነው ማለት ይቻላል።

ጳዝዮን ደግሞ ከሁሉም ብርቅ ነው። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት ከወርቅ ጋር አብሮ የሚጠራ የከበረ ድንጋይ ስም ሲሆን ዳዊት የደገመ ሰው ካልሆነ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። በአንጻሩ ጠረጴዛን የማያውቅ የለም። ቃሉ በግሪክ «ባለ አራት እግር» ከሚል የተገኘ ነው፤ ጰ በመካከሉ ተቀምጣ ከአክሱም ዘመን እስከ ዛሬው የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ደርሳለች።

ጳጳስ መነሻው «አባት» ማለት ነው። ቃሉ ከውጭ እንደ መጣ ሁሉ ሹመኛውም ለብዙ መቶ ዓመታት ከግብፅ ይመጣ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ግን ከዚያ አስቀድሞ አገር ለምዷል። ብዙ ቁጥሩ ጳጳሳት፣ ማዕረጉ ጵጵስና ተብሎ ልክ እንደ አገሩ ቃል ይረባል። አንድ የውጭ ቃል ቤተኛ መሆኑ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋናው ይህ ነው፤ በቋንቋው ሕግ መርባት።

ጳጉሜንም በግሪክ «ተጨማሪ» ማለት ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስላላቸው የተረፉት 5 ቀናት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ 6 ቀናት፣ በዚህ ስም ተጠሩ። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዕለት ነው፤ በዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ስለሚቆጠር በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር ልጆች ደጅ ወጥተው ይጠመቁበታል። የአገሪቱ ስም ራሱም ይህን ፊደል ይዟል። ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን በፀሐይ የጠቆረ ፊት ያላቸውን ሰዎች አገር ያመለክት ነበር።

ጸና ፀ፦ በጎጃም አንደበት ጠ የሚሆኑ

ጸና ፀ በጥንቱ ግእዝ የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። ዛሬ በአነጋገር አንድ ስለ ሆኑ ልዩነታቸው በጽሕፈት ብቻ ቀርቷል። ጸሎት፣ ጽድቅ፣ ጸሐፊ፣ ጾም በጸደዩ ጸ ሲጻፉ፣ ፀሐይና ፅንስ በፀጳው ፀ ይጻፋሉ። በሕትመት ሁለቱን ማቀላቀል የተለመደ ቢሆንም የቃሉን ሥር የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅመዋል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን ሁለቱም ብዙ ጊዜ ወደ ጠ ይለወጣሉ። ፀሐይ ጠሐይ፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጸሎት ጠሎት፣ ጾም ጦም፣ ጸበል ጠበል ይባላል። የማኅበሩ ጽዋም በአነጋገር ጥዋ ነው። ይህ ስሕተት ሳይሆን አማርኛ ከግእዝ የወረሰውን ድምፅ በራሱ መንገድ ያገራበት ሥርዓት ነው። እንዲያውም ጠበልና ጠጉር በጽሑፍ አማርኛም ቦታ አግኝተዋል። የገጠሩ ገበሬ «ጦም ገባ» ሲል የከተማው ሰው «ጾም ገባ» ይላል፤ ቄሱም በቅዳሴ የግእዙን ጸ ጠብቀው ያነባሉ። አንዱ ቃል በአንድ አጥቢያ ሁለት አጠራር ይዞ ይኖራል።

አንዳንድ የጸ ቃላት ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብዙም ሳይወጡ ቀርተዋል። ጽጌ አበባ ማለት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ በእነዚህ ሳምንታት ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። በማኅሌቱ የሚንሿሿው ጸናጽልም ከዚሁ ፊደል ነው። የፊደሉ መጠሪያ ጸደይ ራሱ የወቅት ስም ነው።

ፈ፦ በግርጌው ሀብታም የሆነ

ፈ በተራው ከመጨረሻው ሁለተኛ ይሁን እንጂ እንደ ጰና እንደ ፐ እንግዳ አይደለም። ከደቡብ ዐረብ ጽሕፈት የተወረሰ ጥንታዊ ፊደል ነው። መጠሪያው አፍ በግእዝም በአማርኛም ያው አፍ ነው። በፈ የሚጀምሩት ቃላት በመዝገበ ቃላት ብዙ ገጽ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹም በግእዝ አንድ፣ በአማርኛ ሌላ ትርጉም ስላላቸው ለተመራማሪ ደስ የሚያሰኙ ናቸው።

የምዕራብ ጎጃም መዲና ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው በግእዝ ነው። ፈነወ «ላከ» ማለት ነው፤ ፍኖት ደግሞ የተላከ ሰው የሚሄድበት መንገድ። ፍኖተ ሰላም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። የፍኖት መጨረሻ ት ወደ ተ የተለወጠው በግእዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ የፊተኛው መጨረሻ ወደ ግእዝ ቤት ስለሚመለስ ነው። ደብር «ደብረ ማርቆስ»፣ ቤት «ቤተ ክርስቲያን» የሚሆኑት በዚሁ ሕግ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ በደጋ ዳሞት ወረዳ፣ ሌላ የፈ ከተማ አለ፤ ፈረስ ቤት። የእርሷ ስም የተሠራው በአማርኛ ሕግ ነው። ግእዝ ባለቤቱን ወደ ኋላ አድርጎ «ፍኖተ ሰላም» ሲል፣ አማርኛ ባለቤቱን አስቀድሞ «ፈረስ ቤት» ይላል። የሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዋና ልዩነት በሁለት የጎረቤት ከተሞች ስም ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ፈለግም እንዲሁ ነው። በግእዝ ወንዝ ማለት ሲሆን በአማርኛ ዱካ፣ የተሄደበት መከተያ ሆኗል፤ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ይባላል። የዓባይ ምንጭ በሚገኝበት በሰከላ ወረዳ በግሽ ዓባይ «ፈለገ ግዮን» ሲባል ግን ትርጉሙ የግእዙ ነው፤ የግዮን ወንዝ ማለት ነው። በባሕር ዳር ያለው የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ስምም «የሕይወት ወንዝ» ነው። በአማርኛው ብቻ የተረጎመው ሰው የሕይወት ዱካ ሊመስለው ይችላል።

የበለጠ የሚገርመው ፈከረ ነው። በግእዝ ተረጎመ፣ ምሥጢር ገለጠ ማለት ነው፤ ፍካሬ ትርጓሜ ነው። በአማርኛ ፎከረ ግን በሠርግና በዘመቻ ጀብዱን እየጠራ መድረክ የሚይዘውን ጀግና ይመለከታል። በጎጃም ሠርግ ላይ ከቀረርቶ ጋር የሚሰማው ፉከራ እና በመጻሕፍት ቤት የሚሰማው ፍካሬ በፊደል አንድ ሥር ያላቸው ናቸው።

ፈትሐ ደግሞ ልጅ ያበዛ ቃል ነው። በግእዝ ከፈተ፣ ፈታ፣ ፈረደ ማለት ነው። ከእርሱ ፍትሕ፣ ፍታት፣ ፍቺ ተወልደዋል። ፍትሐ ነገሥት የተባለው የሕግ መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ፍቺ ባልና ሚስት ሲለያዩም፣ እንቆቅልሽ ሲመለስም፣ ቃል ሲብራራም ያገለግላል፤ የታሰረውን መክፈት የሚለው ሐሳብ ሦስቱንም ያስተሳስራቸዋል። ፍልሰታም «ፈለሰ» ከሚለው ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ጾም የእመቤታችን ሥጋ መፍለስን ያስባል፤ ዛሬ ፍልሰት ሲባል ደግሞ ከአገር አገር መሰደድን ያመለክታል።

ፊታውራሪ በድሮው ሥርዓት ከጦሩ ፊት የሚዘምት አዛዥ ማዕረግ ነበር፤ «ፊት» እና «አውራሪ» ከሚሉት ተገጥሟል። ከሥርዓቱ ጋር ቢያልፍም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ በፊታውራሪ መሸሻ በኩል በአንባቢ አእምሮ ቀርቷል። የልብ ወለዱ ርእስ ፍቅር እስከ መቃብርም ከዚሁ ፊደል ይጀምራል፤ በታሪኩ የበዛብህ ትውልድ ስፍራ የሆነችው ማንኩሳም ከፍኖተ ሰላም አጠገብ በጃቢ ጠህናን ወረዳ ናት።

በጓሮና በማሳም ፈ ሥራ አይፈታም። ፌጦ ለመድኃኒት ከጓዳ አይጠፋም። ፍልፈል የገበሬውን መደብ ከሥር እየቆፈረ ይፈታተናል። ፈንግል በመንደሩ ሲገባ ዶሮውን ይጨርሳል። ፍሪዳ ለሠርግ ይጣላል። የፈ እንግዶችም አሉ። ፉርኖና ፋብሪካ ከጣልያንኛ ናቸው። ፋኖስ ጥንተ ነገሩ ግሪክ ሲሆን በዐረብኛ በኩል አልፎ ጓዳ ገብቷል። ፈ በአማርኛ አፍ የለመደ ድምፅ በመሆኑ እነዚህ ቃላት አጠራራቸው ብዙም ሳይለወጥ ገብተዋል።

ፐ፦ በአውሮፓ መንገድ የመጣ

ፐ የገበታው ማሳረጊያ ነው። በዚህ ፊደል የሚጀምር የአገር ቤት ቃል ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከተገኘም አድናቆትን የሚገልጸው «ፓ!» ዓይነት የድንገት ድምፅ ነው። ቀሪው ሁሉ የተዋሰ ነው። ፖሊስ፣ ፖስታ፣ ፓርላማ፣ ፖለቲካና ፕላስቲክ ከዘመናዊ አስተዳደርና ንግድ ጋር መጡ። ፓስታና ፒንሳ የጣልያንኛ ናቸው። ቡሬ ለፐ አዲስ ምሳሌ ጨምራለች፤ በከተማዋ የተቋቋመው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ «ፓርክ» የሚለውን ቃል በአካባቢው ገበሬ አፍ አስገብቷል።

ጰ በቤተ ክርስቲያን በኩል በመጽሐፍ ስለ ገባ አጠራሩን ካህናት ጠበቁት። የፐ ቃላት ግን አብዛኞቹ በገበያ፣ በሾፌርና በወታደር በኩል በጆሮ ስለ ገቡ ብዙዎቹ ወደ በ ተለውጠዋል። ለዚህ ባቡር ጥሩ ማስረጃ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛው ቫፖሬ፣ ማለትም እንፋሎት ከሚለው የመነጨ ነው፤ ቨም ፐም ሁለቱም በ ሆነዋል። ጎጃም ሐዲድ ባይደርሰውም ቃሉ ደርሶታል፤ በገጠሩ ባቡር ማለት በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮ ነው። ሴቶች እህል ተሸክመው «ባቡር ልሂድ» ሲሉ የሚሄዱት ወደ ወፍጮ ቤት ነው።

ላምባም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች ፐ ያለው የመብራት ስም በአማርኛ በ ይዞ የነጭ ጋዝ መጠሪያ ሆኗል። ኩባንያም በአውሮፓዊው ሥሩ ፐ ነበረው። ማታ ፋኖስ ውስጥ ላምባ ሲጨመር ሁለት እንግዳ ቃላት ይገናኛሉ፤ አንዱ በፈ ሳይለወጥ የገባ፣ ሌላው ፐን ጥሎ በን የያዘ።

ቨ፦ ከገበታው በታች የተጻፈ

ቨ ከ26ቱ የግእዝ ፊደላት አይቆጠርም። በ ላይ መስመር በመጨመር የተሠራ ሲሆን ያገለገለውም ለውጭ ቃላት ብቻ ነው። ቪዛ፣ ቪላ፣ ቪዲዮ፣ ቫይታሚን፣ ቫይረስ፣ ቮልት፣ ቫት፣ እንዲሁም ሙሽሮች የሚለብሱት ቬሎ በዚህ ፊደል ይጻፋሉ። ሁሉም የአዲስ ዘመን ዕቃ፣ ሕክምናና ሕግ ናቸው። በአነጋገር ግን ቨ ገና አልጸናም። ቅባቱ ባዝሊን፣ ማሳያው ቴሌቢዥን ሲባል ይሰማል። ባቡር ከረጅም ጊዜ በፊት የሄደበትን መንገድ እነዚህም እየሄዱበት ነው፤ በትምህርት ቤት የተማረው ትውልድ ግን ቨን ለይቶ ይጠራል።

ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ መጨረሻ

የመጨረሻ ፊደል የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የሰልፉ ዓይነት ነው። ከሀለሐመ ሌላ አበገደ የሚባል ሰልፍ አለ፤ እርሱ የዕብራይስጡን ተራ ይከተላል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት በአበገደ የተደረደረ ነው። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን በዚሁ ተራ አዘጋጁ። በአበገደ ፈ ከዐ ቀጥሎ፣ ከጸ በፊት ስለሚመጣ ፍኖትን የሚፈልግ አንባቢ መጽሐፉን ከግርጌው ሳይሆን ከመካከሉ አካባቢ መክፈት አለበት። በሀለሐመ የለመደ ሰው እነዚህን መጻሕፍት ሲያነሣ መጀመሪያ ሰልፉን ማስታወስ ይጠበቅበታል።

በሕፃናት መማሪያ ገበታዎች የሚበልጠው ሰልፍ ሀለሐመ ነው። በብዙዎቹም ላይ ከፐ በታች አንድ ተጨማሪ መስመር ታትሟል፦ ቨ፣ ቩ፣ ቪ፣ ቫ፣ ቬ፣ ቭ፣ ቮ።